ሸራ ለብሳ ያረጀች መኪና

(አዳማ ውስጥ ለመኪና ባለቤቶችና ለአውቶ መካኒክ ሰልጣኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ያመጣሁትን ዕቃ በቅርብ እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ የወጣው ከአንዲት መኪና ነው። ይህ ጥቁር ቺንጋ፣ አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ጠቆር ያለ ፈሳሽ፣ ይህ የነዳጅ ቱቦ፣ ከጎማ ጎን የቆረጥኩት ይህ ቁራጭ። መኪናዋ ፖርሽ 944 ናት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ የፊት መብራቷ ተኝቶ ቆይቶ ሲፈለግ ብድግ የሚል። ዳሽቦርዷ ላይ የሚነበበው 71 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሚኒባስ ይህን ያህል መንገድ በስንት ጊዜ እንደሚጨርስ እናንተው ገምቱ። እሷ ግን አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት።

ባለቤቷ ወጣት ነው፤ ከአባቱ የወረሳት ናት። አባትየው ጀርመን አገር ሲሠሩ ኖረው በ1995 ዓ.ም. ጠቅልለው ሲመጡ በጅቡቲ በኩል አስገቧት። መጀመሪያ መጀመሪያ ለሰርግና ለበዓል ያወጧት ነበር። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ግን ከግቢ ንቅንቅ አላለችም። ወፍራም ሸራ ለብሳ፣ አጠገቧ የስንዴ ጆንያ ተደርድሮ፣ ጥግ ይዛ ኖረች። ሽማግሌው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሸራውን ገለጥ አድርገው አሥር ደቂቃ ያህል ያስነሷታል። "እንዳትታመም" ይሉ ነበር አሉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከፍቅር ነው ያደረጉት። መኪናዋን ግን ካሳመሟት ነገሮች አንዱ ያ የእሑዱ አሥር ደቂቃ ነው። እመለስበታለሁ።

ልጁ ጋራዤ የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። "ጋሼ፣ ቅዳሜ አዲስ አበባ የጓደኛዬ ሰርግ አለ፤ በእሷ ልሂድ ብዬ ነው። ዘይት ብቻ ይቀይሩልኝ፤ ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው" አለኝ።

ዛሬ ልጣላት የመጣሁት ከዚህች ቃል ጋር ነው፤ "ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው።" የደላላን አፍ ታውቁታላችሁ። "ዶክተር የያዛት ናት፣ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት፣ ሞተሯን ሰው አልነካውም።" ሞተሯን ሰው አልነካውም ማለት እኮ በኔ ቋንቋ ሰርቪስ አልተደረገችም ማለት ነው! እኛ ግን እንደ ሙገሳ እየሰማነው ዋጋ እንጨምርበታለን።

መኪና ሁለት ዓይነት እርጅና አላት። አንደኛው የመንገድ ነው፤ ፒስተኑ፣ ኩሽኔታው፣ የካምቢዮው ጥርስ፣ የፍሬን ሸራው በሄደችበት ልክ ያልቃሉ። ሁለተኛው የዘመን ነው። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ፈሳሽ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የሽቦ ልባስ፣ ባትሪ፣ እነዚህ የሚቆጥሩት ቀን ነው። መኪናዋ ብትሄድም ባትሄድም ይቆጥራሉ። አንዳንዱማ ስትቆም ይብስበታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን እርጅና ብቻ ነው፤ እሱንም እውነት ከተናገረ። በዚህች መኪና እውነት እንዳልተናገረ ኋላ ትሰማላችሁ።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። በ1999 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ የጣሊያን ስሪት ባለ ሁለት በር መኪና አመጣልኝ። 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሄደችው፤ ዕድሜዋ አሥራ አንድ ዓመት። "የሞተሩ ቺንጋ ይቀየር?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቁጥሩን አየሁና "ምን በወጣህ፣ ገና ነው፤ ገንዘብህን አታባክን" አልኩት። አዋቂ መስዬ ታየሁት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሞጆ ሊደርስ ሲል፣ ያኔ የፍጥነት መንገዱ ገና አልተሠራም፣ በአሮጌው መንገድ ከጭነት መኪና ጀርባ ወጥቶ ሊቀድም ሲል ቺንጋው ተበጠሰ። ሞተሩ እዚያው ጸጥ አለ። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ስናወርደው አየር ከሚያስገቡትና ጭስ ከሚያስወጡት አሥራ ስድስት ቫልቮላዎች አሥራ አንዱ ተጣሟል። የጥገናውን ግማሽ ከኪሴ ከፈልኩ። ሙሉውን መክፈል ነበረብኝ፤ ሰውየው ጨዋ ሆኖ ነው።

እስቲ ይህን ቺንጋ ተቀባበሉት። ጥርሱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። እንደ ነበረ ስታዩት ንጹሕ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጥርሱ አልጎደለም። አሁን ወደ ኋላ እጠፉት፤ አዎ፣ በርታ ብለህ እጠፈው። አየህ? እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሌላም ነገር አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ክብ አይሆንም፣ እዚህና እዚህ ጎበጥ ብሎ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ፑሊ ላይ ተጠምጥሞ ስለቆየ የፑሊውን ቅርጽ ይዟል። ይህ ቺንጋ ከላይ ያለውን፣ ቫልቮላውን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ከታች ካለው፣ ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያስተሳስር ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ቫልቮላው ከመንገዱ ዞር እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን በያዘው ፍጥነት መውጣት መውረዱን ይቀጥላል፤ የተከፈተውን ቫልቮላ እየመታ ያጣምመዋል።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በፈረንጅ 1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ ባለ 1.6 ሊትሯ፣ ቺንጋዋ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቮላዋ አይገናኙም። መንገድ ላይ ትቆማለች፣ ተጎትታ ትመጣለች፣ አዲስ ቺንጋ ታስራለች፣ ትሄዳለች። 944 ግን ምሕረት የላትም። በዚያ ላይ ቺንጋዋ ሁለት ነው። አንዱ ካምሻፍቱን ያዞራል፤ ሌላው የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጉትን ዘንጎች። ትንሹ ተበጥሶ ትልቁ ውስጥ ከተጠመጠመ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ትልቁ ቺንጋ ስለሆነ ስትቀይሩ ፓምፑን፣ መወጠሪያውንና ከፊት ያሉትን ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱ ጎማዎች፣ ኦይል ሲሎቹን፣ አብራችሁ ቀይሩ። እጅ አንዴ ነው የሚገባው። ኦይል ሲሉን ትታችሁ ቺንጋውን ብትቀይሩ፣ የደረቀው ሲል አዲሱን ቺንጋ ዘይት ያጠጣዋል፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ደግሞ ዕድሜ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰልጣኞች ይህን ልብ በሉ። በዘመን የሚያረጅ ዕቃ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ካርቶኑ ፀሐይ የመታው ቺንጋ "ኦርጅናል ነው፣ አሁን አይገኝም" ብለው ቢሰጧችሁ፣ አይገኝም ያሉት ለምን እንደማይገኝ ጠይቁ። ሶማሌ ተራን አላማም፤ ለቴስታታ፣ ለበር፣ ለመስታወት ስንቴ አድኖኛል። ቺንጋ፣ የፍሬን ጎማና የነዳጅ ቱቦ ግን ያገለገለ አይገዛም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶና ጫማ ከምታስመጡ ቺንጋ አስመጡ። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።

አሁን ወደ ሁለቱ ብርጭቆዎች። ሁለቱም የፍሬን ዘይት ናቸው። ይህ ንጹሕ ማር የመሰለው ዛሬ ከጣሳ የቀዳሁት ነው፤ ይህ ጠጅ የመሰለው ከመኪናዋ የወጣው። ቀለሙ ዋናው ጉዳይ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ዓይን የማያየው ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት ብንለውም ዘይት አይደለም፤ ከአየር ላይ እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም። ውሃ ሲጠግብ፣ ከመቶ አራት እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ ደረጃው የሚጠብቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደኛ ስትመጡ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ወደ 1,600 ገደማ ነው የምትወርዱት። ፈጣን መኪና ይዞ፣ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል። ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። እግራችሁ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን አትሰማችሁም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። አልሄደችም፣ ሄዳለች፣ ወሬ የለም።

ውሃው ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ከውስጥ ያዝጋል። የዚህች መኪና የኋላ ቀኝ ፍሬን ነክሶ ቀርቶ ነበር። እጅ ፍሬን ተስቦ ለረጅም ጊዜ አይቆምም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ለረጅሙ የምታቆሙ ከሆነ በማርሽ ያዟትና ጎማዋን በእንጨት ደግፉ።

የጎማውን ነገር ሳወራ እስካሁን እስቃለሁ። ልጁ "ጎማው እንኳ አዲስ ነው፣ አባቴ በ2012 ነው የቀየረው" አለኝ። ከየት አወቅህ ብለው "እሱ ላይ ተጽፏል" አለ። ወርጄ አየሁት። እስቲ ቁራጩን ወደ መብራቱ አዙረህ አንብብልን፤ ጎማው ላይ "DOT" ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች። "3812"፣ ጎሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። ግን የማን ዓመት? የፈረንጅ! 38ኛው ሳምንት የፈረንጅ 2012 ማለት በእኛ የ2005 መስከረም ነው። ልጁ ስድስት ዓመት የመሰለው ጎማ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ጥርሱ ስላላለቀ አዲስ ይመስላል፤ ጎኑ ላይ ግን የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ሞልቶታል። ብዙ ጎማ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ከአሥር ዓመት በላይ አትጠቀሙ ይላሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ እንዲያየው ይመክራሉ። ጎሚስታ ያላችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ደንበኛ ጎማ ሲገዛ ይህን ቁጥር በኛ አቆጣጠር ተርጉሙለት። የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

የነዳጅ ቱቦው ይኸው። ይህን ሳነሳ አልስቅም። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው፤ ቺንጋ ሞተር ይገድላል፣ የነዳጅ ቱቦ ግን ሰው። ቤንዚኑ በግፊት የሚመጣው ትኩስ ሞተር ላይ ነው። ቱቦው ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ስትጨምቁት ግን እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሻል። ኤታኖል የተደባለቀ ቤንዚን በአገራችንም ተሸጧል፤ ለኤታኖል ያልተሠራ የድሮ ጎማ በሱ ቶሎ ይጎዳል። ኮፋኖ ስትከፍቱ ቤንዚን ከሸተታችሁ "ድሮም ትሸታለች" አትበሉ፤ አታስነሷት። ቱቦው በሙሉ፣ ከነዳጅ ታንኩ፣ ከሰልባትዮው ጀምሮ፣ ለግፊት ነዳጅ በተሠራ አዲስ ይተካ፤ ተራ የውሃ ቱቦ በሽቦ አጥብቆ የሚሄድ መካኒክ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጋራዤ አይቀጠርም። ለባለቤቶችም፤ የእሳት ማጥፊያው ከኋላ ሻንጣ ሥር ተቀብሮ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን።

ሰልባትዮው ውስጥ የነበረውን ቤንዚን ቀድተን አየነው። ሽታው የቤንዚን አልነበረም፤ የቀለም ቤት ነው የሚሸተው። ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላሉ ይተንናል፣ የቀረው እንደ ሙጫ እየሆነ ይሄዳል፤ ያ ሙጫ ነዳጅ የሚረጨውን ቀዳዳ ይዘጋል። ሰልፉን ፈርታችሁ ቤንዚን በጄሪካን የምታስቀምጡ፣ እሳቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ጄሪካን ውስጥ ያለውም ያረጃል።

እንግዲህ የእሑዱ አሥር ደቂቃ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወለዳል። ሳይንስ ነው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጂን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። ሞተሩ ሲግል ውሃው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታ፣ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ከማርሚታ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ያያችሁት እሱ ነው። ሞተሩ ሳይግል ስታጠፉት ግን ከፊሉ እዚያው ይቀራል፤ ማርሚታውን ከውስጥ ይበላል፣ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ስለሚጠጣ ያልተቃጠለው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የውሃው ሙቀት መለኪያ መሐል ሲደርስ "ሞቀች" ትላላችሁ፤ ዘይቱ ግን ከውሃው በጣም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፣ ቆማ ስትንተከተክ ደግሞ ጨርሶ ላይሞቅ ይችላል። የዘይት መሙያዋን ክዳን ስከፍተው ከሥሩ ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ወፍራም፣ የወተት ቡና የመሰለ አረፋ። ሽማግሌው ዘጠኝ ዓመት እሑድ እሑድ መኪናዋን ውሃ ሲያጠጧት ነው የኖሩት።

ባትሪውም እንደዚያው። ሞተሪኖው ሲያስነሳ የወሰደውን አሥር ደቂቃ ቆማ በመሥራት መልሳ አትሞላም። በቮልት መለኪያ 12.6 ያነበበ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12 ላይ ከደረሰ ባዶ ነው በሉት። ባዶ ሆኖ የሚከርም ባትሪ ይሞታል፣ እንደ አዳማ ባለ ሙቅ አገር ደግሞ ቶሎ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወይ ንዷት፣ ወይ ተዋት። መንዳት ስል ከቤት ወጥቶ ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ አይደለም። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ወደ ሶደሬ ውሰዷት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሳችሁ ስትመለሱ ዘይቱ ግሏል፣ ፍሬኑ ዝገቱን አራግፏል፣ ጎማው ተንከባሏል፣ ባትሪው ጠጥቷል። ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ግን ሞተሩን አታስጩኹ። ይህን የማትችሉ ከሆነ፣ ለወራት ትቆማለች ካላችሁ፣ ዘይቱን ቀይራችሁ፣ ጎማውን በደንብ ነፍታችሁ፣ የባትሪውን ራስ ፈታችሁ ወይም ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር ላይ አድርጋችሁ አቁሟትና ማስነሳቱን እርሱት። ዘይት በዓመት አንዴ ይቀየራል፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ባትሄድም። ደንበኛ "ገና ወርቅ ይመስላል" ሲለኝ ክዳኑን ከፍቼ አረፋውን አሳየዋለሁ።

ስለ ሸራው ሁለት ቃል። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ ነው። ነፋሱ አቧራውን ሸራ ሥር ያስገባና ሸራውን ሲያራግበው ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ወፍራም ላስቲክነት ያለው ሸራ ደግሞ እርጥበት ያፍናል። የሚተነፍስ ጨርቅ ይሻላል፤ መጀመሪያ ታጥባ ደርቃ። የስንዴ ጆንያውንም ከአጠገቧ አንሱ፤ አይጥ ለስንዴው መጥታ ሽቦውን ነው የበላችው። ከአየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ ከስፖንጅና ከገለባ የተሠራ የሚያምር ጎጆ አግኝተናል።

ልጁን "ቅዳሜ በታክሲ ሂድ" አልኩት። ተቆጣ። ቺንጋውን አውጥቼ ሳጥፍለት ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን በዝርዝር አላደክማችሁም፤ አስተሳሰቡን ብቻ። መጀመሪያ ማቆም ትችላለች ወይ፣ መሪዋ ይታዘዛል ወይ፣ እሳት አትነሳም ወይ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ የነዳጅ ቱቦ። ቀጥሎ ሞተር የሚገድለው፤ ቺንጋው፣ ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ውሃ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ መቶ ላይ አይደለም። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊት የለም። ሰው ራዲያተር ያስጠግናል፣ ቴርሞስታት ያወጣል፣ ክዳኑን ግን ማንም አያየውም። ውሃውም ተራ የቧንቧ ውሃ አይሁን፤ ዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ይግባ፣ እሱም ዕድሜው በዓመት ይቆጠራል።

ከዚያ መንገድ ላይ ጥሎ የሚያስቀረው። 944 የምታውቁ ትስማማላችሁ፤ ለነዳጁና ለሞተሩ ኮምፒውተር መብራት የሚሰጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሪሌ የምትባል፣ አለች። ውስጧ ያለው የእርሳስ ብየዳ በዘመን ብዛት ይሰነጠቅና መኪናዋ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ትጠፋለች። ስትቀዘቅዝ መልሳ ትነሳለች፤ መካኒኩ ቤንዚን ፓምፕ ሲፈታ፣ ካንዴላ ሲቀይር ይውላል። መለዋወጫ አንድ መያዝ ነው። የፍሪሲዮኗ ዲስክም በብዙዎቹ ላይ መሐሉ ጎማ ነው፤ የዲስኩ ሸራ ሳይነካ ጎማው ይበጣጠሳል። እንግዲህ ኪሎ ሜትሩ ምን ሊነግራችሁ ነው?

ስናስነሳትም በቁልፍ አልጀመርንም። ካንዴላዎቹን ፈትተን በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረግን፤ አንድ ሌሊት አሳደርን። ጠዋት በመፍቻ፣ በእጅ፣ ቀስ ብለን ሁለት ዙር አዞርናት። አንድ ቦታ እምቢ ካለች አይታገሉም፣ ይቆማል፣ ይታያል። እምቢ አላለችም። ከዚያ ካንዴላው ወጥቶ እያለ፣ ነዳጅ ሳይመጣ፣ በሞተሪኖ አዞርናት፤ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ። ሲነሳ ጋራዡ ውስጥ ያለን ሁሉ ሥራ አቁመን እሱን ነበር የምናየው። ካንዴላውን መልሰን ቁልፉን ያዞረው ልጁ ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ወንጂ እኔ ነዳኋት። ጥሩ ሄደች። ፍጥነት መለኪያዋ ይሠራል፣ ሙቀቷ መሐል ላይ ነው። ስመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ዳሽቦርዱን አየሁ፤ 71 ሺህ ያው 71 ሺህ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር እንኳ አልተነቃነቀችም። ወንጂ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ እኮ! ፈታነው። ቆጣሪውን የምታዞር ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ በዚህ ዘመን በተሠሩ መኪኖች ላይ ፕላስቲኩ ደርቆ መፍረሱ የታወቀ ነው። ፍጥነቱን መንገሩን አያቆምም፣ መቁጠሩን ያቆማል። መቼ እንዳቆመ የሚያውቅ የለም። ያኔ ነው የፍሬን መርገጫውን ያየሁት፤ ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። መጀመሪያ ቀን ላየው ይገባኝ ነበር። የመርገጫ ጎማ፣ የሾፌሩ ወንበር ግራ ጠርዝ፣ መሪው እጅ የሚያርፍበት ቦታ፤ እነዚህ ከቆጣሪ ይልቅ ይታመናሉ።

መኪና ማስገባት እንደ ድሮው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተወስኗል። ስለዚህ ያለችን በየግቢው ሸራ ለብሳ የቆመችው፣ እጃችን ላይ ያለችው ናት። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ "ኪሎ ሜትሯ ትንሽ" ማለቱን ይጨምርበታል እንጂ አይተወውም። ስትገዙ ቁጥሩን ሳይሆን ደብተሩን ጠይቁ። ደብተር ከሌላት፣ ቺንጋውም ፈሳሹም ጎማውም እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ለልጁ ደብተር ገዛሁለት፤ ባለ ሃምሳ ሉክ። የተሠራው ነገር፣ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፍ አደረግሁት፤ የጎማው ነገር እንዳይደገም። ሰርጉ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል፣ ሙሽሮቹ ልጅ ሳይወልዱ መኪናዋ ወጣች ብለን እንቀልድበታለን። ቆጣሪዋ አዲስ ጥርስ ገብቶላት መቁጠር ጀምራለች። ባለፈው መጥቶ "ጋሼ፣ አንድ ቀን ብሸጣት ስንት ሄዳለች ልበል?" አለኝ። ደብተሩን ክፈት አልኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሱ እጅ እንዲህ ጻፈ፤ "ከዚህ በፊት የሄደችው አይታወቅም። ከዚህ ቀን ጀምሮ የተጻፈው እውነት ነው።"

ቺንጋው የት ደረሰ? አንተ ጋ ነው? መልሱልኝ፤ ሰኞ የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለ፣ መኪናው 40 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው ብሎኛል። በሉ ጥያቄ ያላችሁ።